በኢዮቤልዩው ዓመት ሙሽራ የነበሩት አባት

ጽሑፌ ለወጣቶች የንባብ ምሽት ተመረጠ! የጻፍኩት ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በሚሄደው ባቡር ውስጥ የሰማሁትን ነው። ፊት ለፊቴ አንድ አዛውንት የድሮ ፎቶ ይዘው ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ዝግጅት መድረክ ላይ ሲጠይቁዎት በጃንሆይ ኢዮቤልዩ ዓመት ቲያትር ሠርቻለሁ ብቻ ይበሉ።»

«ምን ሆኜ ነው የሠራሁት?»

«እሱን ስኪፕ ያድርጉት፣ ፕሊስ።»

«ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ። ያኔ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበር ቀሚሱን እኔን አለበሱኝ።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው በሙሉ ይመጣል። ቪዲዮ ያነሳሉ፣ ይሳለቁብዎታል!»

«ያኔም ስቀዋል። ሙሽራዋ ስታለቅስ ግን አብረው አለቀሱ።»

«ልጆቼስ ምን ይባላሉ?»

«አባቴ በዚያ ቀሚስ የተነሳ ከቤት አባረረኝ። አሁን ደግሞ አንቺ ልትደብቂኝ ነው?»

ፍሪሞንትን ስናልፍ ፎቶውን ከእጃቸው ወስዳ ሙሽራዋን አየቻት።

«ሻሹን ማን ነው እንዲህ አሳምሮ ያሰረልዎት?»

«እናትሽ ናታ! እዚያው መጋረጃው ጀርባ ነው የተዋወቅነው።»

«እማዬ? ይህን እኮ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ስኪፕ ያድርጉት እያልሽኝ እንዴት ልንገርሽ?»

እኔ መውረጃዬን አልፌ ሳን ሆዜ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ እሑድ በንባብ ምሽቱ ሳነበው እናንተም አባቶቻችሁን ይዛችሁ ኑልኝ።