የማህሌት ሁለተኛ ክር

ልጅ ያሳደገ ሰው መንገድ ላይ እንኳ ዓይኑ አያርፍም። ወይዘሮ ሮማንወርቅም በእንግሊዝ አገር ከሃክኒ ገበያ ጎመንና ቃሪያ ሸምተው ወደ ኤድመንተን በሚመልሳቸው አውቶቡስ ተቀምጠው ወጪ ወራጁን ሲቃኙ፣ የልጅ ልጃቸው ማህሌት ከፊታቸው ድቅን አለች። ነርስ ናት፤ ሃክኒ ውስጥ ካቪታ ከምትባል ሂንዱ ጓደኛዋ እናት ቤት ክፍል ተከራይታ ከሁለቱ ጋር ትኖራለች። ሊስሟት ብድግ ሲሉ የእጇን አንጓ አዩ። ቀይ ክር ታስሮበታል። በግንባሯም ላይ ቀይ ምልክት አለ። ክው ብለው ቀሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እማማ፣ መጀመሪያ ይሳሙኝ እንጂ!»

«አልስምሽም። ማተብሽስ የት አለ?»

ማህሌት ስካርፏን ገለጥ አድርጋ ጥቁሩን ክር አሳየቻቸው።

«ታዲያ ሁለት ክር ምን ይሠራልሻል? የሁለት ቤት እንግዳ ጾሙን ያድራል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ እንኳ ጾሜን አድሬ አላውቅም፤ ካቪታ ቤት ምግብ ሞልቷል» ብላ ሳቀች።

«ሳቂ! አሁኑኑ ለአባትሽ ለመኩሪያ እነግረዋለሁ። ዕቃሽን ጭኖ ያመጣሻል። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ከእንግዲህ አታድሪም!»

ማህሌት ሳቋን ገታች። መኩሪያ የእናቱን ቃል የማያጥፍ ሰው ነው። ካቪታን ማጣት ደግሞ ለእሷ እህት ማጣት ነው።

«ይንገሩት፣ አልከለክልዎትም። ግን አስቀድመው ያዳምጡኝ። ዛሬ ቤተ መቅደሳቸው ሄጄ፣ ማደሪያ ለሌላቸው ሰዎች ምግብ ሳድል ዋልኩ። ስጨርስ የካቪታ እናት ‹አምላክ ይጠብቅሽ› ብለው ክሩን አሰሩልኝ፤ ግንባሬንም ቀቡኝ። እርስዎ ከቤት ስወጣ እንደሚመርቁኝ ማለት ነው።»

«ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ምን ይበላሉ?»

«ሥጋም እንቁላልም አይነኩም። ነፍስ ያለውን መጉዳት ኃጢአት ነው ይላሉ።»

«ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ?»

«ቅቤ ግን ይበላሉ።»

«ወይ ጉድ! ቅቤ ያለበት ምን ጾም ነው!»

ሰው የማያውቀውን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚለካው በራሱ ድስት ነው።

«ምግባቸው ይቅር» አሉ ወይዘሮ ሮማንወርቅ። «ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችሽን ምን ሊያስተምሩሽ?»

«ፕሮሞሽን አፕላይ ያደረግሁ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት ይረሳኛል! ሥራ ያስለመድሻት ልጅ አለቃሽ ሆነች። እኔ እንቅልፍ ሳጣ አንቺ አበባ ይዘሽላት ሄድሽ! ልጄን አእምሮዋን ነካት ብዬ ስለት ሁሉ ተስያለሁ።»

«አልቅሼ ነበር እማማ። የካቪታ እናት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ‹የአንቺ ድርሻ ሥራው ነው፤ ውጤቱ በአንቺ እጅ አይደለም› አሉኝ። ዳርማ ይሉታል፤ ሰው በቆመበት ቦታ የሚገባውን በቅንነት መሥራት ማለት ነው። ‹ለውጤት ብለሽ ከሠራሽ ሲቀር ታዝኛለሽ፣ ሲመጣም እንዳይወሰድብሽ ትፈሪያለሽ፤ ደስታ በየት በኩል ይግባ? ሥራውን ለአምላክሽ መባ አድርገሽ ስትሰጪው ግን ልብሽ ያርፋል› አሉኝ።»

«መልካም ቃል ነው። ግን ውጤት የማይፈልግ ሰው ይሰንፋል።»

«እኔ ሰነፍኩ?»

ወይዘሮ ሮማንወርቅ ልጅቷ ስትደክም እንጂ ስትሰንፍ አይተዋት አያውቁም።

«የበሽተኛ አልጋ ሳነጥፍ አለቃ አየችኝ አላየችኝ አልልም። ከሺፍት ስወጣም ቂም ይዤ አልወጣም። እርስዎስ? እማዬና አባዬ ሥራ ሲውሉ ያጠቡኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ምን ሊያተርፉ ነው?»

«ምን አተርፋለሁ፤ ልጄ አይደለሽ?»

«ይኸው! እርስዎ ሲሠሩት እያየሁ ያደግሁትን ነው እሳቸው በቃል የነገሩኝ። አሁን ግን በልተሻል ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ሰው ተተናኮለሽ ወይ ሲሉኝ ይውላሉ እንጂ፣ አንድ ቀን ‹ደስ ብሎኛል› ብለውኝ አያውቁም። ዘርተው፣ አርመው፣ ሲያሽት ማየት አቃተዎት።»

አሮጊቷ መስኮቱን ተመለከቱ። ነገሩ አጥንታቸው ድረስ ገብቷል።

«ክርስቶስን ካጂ አላሉሽም?»

«ኧረ በፍጹም! እሑድ እሑድ ‹ቅዳሴ እንዳያመልጥሽ› ብለው የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ናቸው።»

«እኔ ስቀሰቅስሽ ትራስ ትወረውሪብኝ ነበር!» አሉና፣ ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

በዚህ መካከል ስልካቸው ጮኸ። መኩሪያ ነው።

«ልጅህን አውቶቡስ ላይ አገኘኋት» አሉት።

«ደህና ናት?»

«ደህና ብቻ? ሰው ሆናለች መኩሪያ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የካቪታን እናት ምሳ እጋብዛቸዋለሁ። አንተም መጥተህ እጅ ንሳቸው፤ ለልጃችን በሰው አገር እናት ሆነውላታል።»

እንግዲህ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስሙ። የራስን ሃይማኖት አጥብቆ መያዝ የጎረቤትን ጥበብ ከመስማት አያግድም። ድርሻውን በቅንነት የሠራ፣ ነፍስ ያለውን ያልጎዳ፣ የቀረውን ለአምላኩ የተወ ሰው ቢሾምም ባይሾምም አይናወጥም፤ በሰው አገርም አንገቱን አይደፋም። ወላጅም ይህን ሲያውቅ እንቅልፉ ይመለሳል፤ ልጁም ምንም ሳይሸሽገው ይኖራል።

አውቶቡሱ ኤድመንተን ሲደርስ ማህሌት ቤት ልታደርሳቸው የገበያውን ዘንቢል ተሸክማ ቀድማ ወረደች። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ግን መውረጃው ላይ ቆም ብለው፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ወደነበረችው የማያውቋት ሴት ዞሩና፣ በቻሉት እንግሊዝኛ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ያቺ የእኔ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት!» አሏት።