አራተኛው ብሎን

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የጋራዡ ባልደረቦቼ፣ እንግዳችን እትዬ አዋላጇ፤

የቀለም ክፍሉን ጠርጋችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ኬክ አስመጥታችሁ ስለምትሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ክፍል እንዲህ ጸድቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለካ ወለል አለው።

ንግግር አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስሠራ አፌን የከፈትኩት ባብዛኛው ብሎን በጥርሴ ለመያዝ ነው። ከኋላዬ «ጌታው ነገ» እንደምትሉኝም አውቃለሁ። ደንበኛ «መኪናዬ መቼ ትደርሳለች?» ሲለኝ ሁሌ «ነገ» ስለምል ነው። ስሙን ያወጣልኝ ጎሚስታው እንደሆነም አውቃለሁ። አትደበቅ፣ ኬክህን ብላ።

ዛሬ ግን ልናገር የፈለግኩት ስለ በያጁ ነው። በቅርብ የገባችሁት ብዙም አላወቃችሁትም ይሆናል። ሁላችንም ነጥብ እንለው ነበር። ስሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም።

እኔና እሱ በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠርነው። ገና ወር ሳይሞላን አንድ ጠዋት የጭነት መኪና ሞተር አስሬ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቼ ላይ ቁልፍ ያዞራል።

«የኔን ሥራ ማን ንካ አለህ?» አልኩት።

«ማንም። አንዱ ብሎን ላልቶ ነበር፤ ሩብ ዙር ሄደልኝ» አለኝ።

ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን መዶሻ ይዤ ሄድኩና ደበደብኩት፤ ብየዳውን ማለቴ ነው። ስንጥቅ አገኘሁበት። አሳየሁት። አየው፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። በማግስቱ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ይዞ መጣ። እኔ ያጠበቅኩትን እሱ ይፈትሻል፤ ከያዘ ነጭ ነጥብ ያደርግበታል። እሱ የሠራውን ደግሞ እኔ አያለሁ። ነጥብ ያላረፈበት ብሎን ካለ ሞተር አይነሳም። ዛሬ ሁላችሁም የምትሠሩበት ደንብ ከእኛ ኩርፊያ የወጣ ነው። ከቢሮ የመጣ መስሏችሁ ከሆነ፣ አይደለም።

አሁን ሸራ ለብሳ ግቢው ጥግ ላይ ወደቆመችው መኪና ልምጣ።

እትዬ በዚያች ባለ ሁለት ወንበር አረንጓዴ የስፖርት መኪና በር ላይ ሲደርሱ ሥራ ይቆም ነበር። አዋላጅ በስፖርት መኪና ወደ ምጥ ስትሄድ የት ታይቷል? እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሄደውባታል። ባለፈው ዓመት የሞተሩ አካል ተሰነጠቀ። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ከፋብሪካ በሳጥን ታሽጎ የሚመጣ አዲስ፣ ከበፊቱ የሚተልቅ ሞተር እንድናስገባላቸው ጠየቁን።

እኔ አልፈለግኩም። የራሷ ሞተር ከወጣ መኪናዋ ምኑን መኪናዋ ሆነች? አልኩ።

እትዬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ያለው ዳገት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት እዚያ ዳገት ላይ ስትደርስ ታቃስታለች። እኔ ደግሞ በሥራዬ የሰማሁት ማቃሰት ይበቃኛል። አንድ ቀን ዝም ብላ ትውጣልኝ።»

ነጥብ ከሳቁ የተነሳ መነጽሩን አወለቀ። እኔም ተረታሁ።

ሳጥኑ የተከፈተ ቀን ትዝ ይላችኋል? ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ወጥቶ ባለ ስምንት ሊገባ ነው። ነጥብ ዙሪያውን ዞረና «ይሄ እሷ ውስጥ አይገባም፤ እሷ ናት እሱ ውስጥ የምትገባው» አለ። ግን ሞተሩንና መቀመጫውን የሚለየውን ላሜራ ቆርጦ አራት ጣት ወደ ኋላ ገፋው። የመሪውን ዘንግ በሌላ በኩል አሳለፍነው። አሮጌው ካምቢዮ ጉልበቱን ስለማይችል በአዲስ ተተካ። ፍሬኑን አሳደግነው፣ የፊት ሞላውን አጠነከርነው። ኤሌክትሪሺያኗ የሽቦ ጥቅል ታቅፋ ሁለት ሳምንት ወለል ላይ ተቀመጠች። «ይሄ ሞተር አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ ምንም አይንቀሳቀስም» ትል ነበር።

ከዚያ ሞተሩን አስገባን። ኮፈኑን ስናወርደው ሁለት ጣት ክፍት ቀረ።

ቀለም ቀቢያችን፣ የነጥብ ልጅ፣ አየችውና «ባርኔጣ ልሥራለት?» አለች። ኮፈኑን ቀዶ ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ እትዬ ግን በጭራሽ አይነካም አሉ።

የሠላሳ ዓመት ባለሙያ እንዴት ሁለት ጣት ይሳሳታል? እንዲህ ነው የሚሳሳተው። የለካን ቀን ሜትሩን አብረን ያዝነው፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ። ወርዱንና ቁመቱን ለካን። ኮፈኑ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፎ ነበርና ከፍታውን በዓይን ገመትን። ይበቃዋል አልኩ። ይበቃዋል አለ። አብረን ስለሠራን ከኋላችን የፈተሸ ሰው አልነበረም። ደንባችንን የጣስነው ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ ብሎን ነበር።

ሞተሩ ተመልሶ ወጣ። ሞተሩ የሚያርፍባቸውን መያዣዎች ዝቅ አድርጎ እንደገና መበየድ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ነጥብን ሳንባው የጣለው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው። ሐኪም ከጭስ ራቅ ብሎት ነበር። የመጨረሻውን መያዣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በየደውና ቤቱ ተኛ።

አንድ ቀን ልጁ ክንዱን ይዛ አመጣችው። ሞተሩ መቆሚያው ላይ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠ።

«እዚሁ አስነሳውና ልስማው» አለኝ።

«ነጥብ የሌለው ሞተር አይነሳም።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ የፈቀድኩትም እኔ።»

«ነገ ቦታው ሲገባ ትሰማዋለህ።»

ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ብዙ ሳለ። «እሺ፣ ጌታው ነገ» አለኝ።

ነዳጅ በቱቦ መስጠት፣ ውሃ መሙላት፣ ኮምፒውተሩን ማገናኘት ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። በየቀኑ አስበዋለሁ፤ አንድ ሰዓት።

ሐሙስ ሞተሩን ቦታው አስገባሁ። አራቱን የመያዣ ብሎኖች አጠበቅኩ። የብሎን ጥብቀት መለኪያ ቁልፉንና ነጩን ቀለም አጠገባቸው አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ አርብ መጥቶ እንዲፈትሽ። አርብ ጠዋት ልጁ ደወለች።

ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነ። እትዬ፣ በየሳምንቱ ሲደውሉ «ዕቃ እየጠበቅን ነው» ያልኩዎት ውሸት ነበር። የምንጠብቀው ዕቃ የለም። እነዚያን አራት ብሎኖች ከእሱ በቀር ሌላ እጅ እንዲነካቸው አልፈለግኩም። በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ሥራ አስኪያጃችንም ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ነገ አልኳቸው። ነገ ደግሞ እኔ የለሁም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቀለም ቀቢዋን ጠርቼ መለኪያ ቁልፉን ሰጠኋት። «የአባትሽን ሥራ ጨርሺልኝ» አልኳት።

«ከላላ ላልቷል ነው የምልዎት ጋሼ፤ ለእርስዎ ብዬ አልዋሽም» አለች።

ከመኪናዋ ሥር ገባን። እኔ መብራት ያዝኩ። አንደኛው ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። ሦስተኛውም ያዘ። አራተኛው ላይ ቆየች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ሩብ ዙር ሄደልኝ።»

ያንን የጥንቱን ወሬ ሰምታው አታውቅም። ያው እንደምታዩዋት አሁን ነው የሰማችው።

አምስት ወር ማንም እንዳይነካብኝ የጠበቅኩት ብሎን ላልቶ ነበር። የከለከልኩት እኔ፣ በደንብ ያላጠበቅኩትም እኔ። እንደዚያው ባስነሳትና እትዬ ዳገቱን ቢወጡባት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልጅቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። አጠበቀችው፣ አራት ነጥብ አደረገች፣ እጇን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ከሥር ቶሎ አልወጣሁም። ጉልበቱ ነው በሉ።

ጡረታው በሰዓቱ ነው የመጣው ማለት ነው። እጄ አስቀድሞ አውቆታል።

አሁን ሁላችንም ወደ ግቢ እንወጣለን። የአየር መጭመቂያውም፣ የብረት መፍጫውም፣ ሬዲዮውም ይጥፋ። እትዬ ቁልፉን ያዞራሉ። እሱ ሊሰማው የፈለገውን እኛ እንሰማለታለን። ልጁ ከፊት ትቁም።

ከዚያ በፊት ልመርቃችሁ። ያጠበቃችሁት አይላላ። የበየዳችሁት አይሰንጠቅ። ዓይናችሁን ከብልጭታ፣ ጣታችሁን ከቀበቶ ይሰውርላችሁ። ከኋላችሁ ሄዶ የሚፈትሽላችሁ ሰው አይጥፋ፤ «ሩብ ዙር ሄደልኝ» ሲላችሁም ከሦስት ቀን በላይ አታኩርፉ። ወዳጃችሁ «ልስማው» ካላችሁ ነገ አትበሉት። እትዬ፣ ዳገቱን በሰላም ያውጣዎት።

እኔ የድርሻዬን አጥብቄያለሁ። እናንተ ፈትሹልኝ።