ቀጭን ጣውላ

አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ሽማግሌው አናጢ ከእንጨት መሸጫው ወጥቶ መንገዱን ሊሻገር ቆሞ ነበር። አቧራው ሲገለጥ ከወዲያ ማዶ ቦርሳዋን ይዛ የቆመች ሴት አየ፤ የእህቱ ልጅ ናት። ጠዋት በስልክ መርዶውን የነገራት እሱ ራሱ ነው። ቢሆንም ወደ ሰባት ሰዓት ትደርሳለች ብሎ እንጂ አሁን፣ ያውም መንገድ ላይ፣ ያውም ይህን ተሸክሞ ሳለ አገኛታለሁ ብሎ አላሰበም። ትከሻው ላይ የነበረው ለእናቷ የሬሳ ሣጥን የሚሆነው ጣውላ ነው።

ጣውላውን አውርዶ ተቃቅፈው አለቀሱ። ልጅቱ በትልቁ ከተማ አስተማሪ ናት፤ አስተማሪ ደግሞ እያለቀሰም ያያል። እንባዋን ጠርጋ ጎንበስ አለችና ጣውላውን በሁለት ጣቷ ለካችው።

«አጎቴ፣ ይህ እንጨት ለምን እንዲህ ሳሳ?»

«ደህና እንጨት ነው፣ ልጄ።»

«ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ ሁለት ጣት የሚሞላ ጣውላ ነበር የሚያደርጉት። ለእናቴ ሲሆን ምን ተገኘ?»

አናጢው ጎንበስ ብሎ ጣውላውን ከአንድ ጫፍ ያዘ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያሳፍረው የዋለው ነገር ይኸው ነበር። «የምንሸከመው አራት ነን» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መንደር ሬሳ ከቤት ከወጣ መቃብር እስኪደርስ መሬት አይነካም። መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው፤ መንገዱም መኪና አያስወጣም። ስድስት ሰዎች ይሸከማሉ፤ እነሱም የመንደሩ ተወላጆች ብቻ ናቸው። የአናጢው አባት የተሸካሚዎቹን ስም ጽፎ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሰሌዳ ዛሬም አለ። በደጉ ጊዜ አርባ ሁለት ስም ነበረበት። ገሚሱ ሞተ፤ ገሚሱ ልጁን ተከትሎ ከተማ ገባ። አናጢው እየሰረዘ፣ እየሰረዘ አራት ቀሩ፦ ጉልበቱን የሚያመው የቀድሞው ፖስተኛ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሐኪም የከለከለው ባለወፍጮ፣ ሳሉ ሲነሳበት ደንበኛው መቀሱን የሚፈራበት ፀጉር አስተካካይ፣ አራተኛው ሰባ አንድ ዓመት የሞላው እሱ ራሱ። እንግዲህ ሰው መጨመር ስላልፈለገ እንጨት ቀነሰ።

መንደሩ ሰው አጥቶ ቢሆን ኖሮ ባልተፈረደበት። የጡብ ፋብሪካው ከተከፈተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከወንዝ ማዶ የመጡ፣ በመልክም በቋንቋም ከነባሩ የሚለዩ ቤተሰቦች ተቆልፎ የከረመውን ቤት ሁሉ ከፍተው ገብተውበታል። ዛሬ በመንገድ ላይ ከምታገኘው ሁለት ሰው አንዱ ከእነሱ ወገን ነው። ነባሩ ሰው ግን «እነዚያ» ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቆ አያውቅም።

ሁለቱ ጣውላውን ተጋግዘው ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ልጅቱ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው።

«አጎቴ፣ ቀኑን ሙሉ ጡብ ሲሸከሙ የሚውሉ ወጣቶች እደጃችን አሉ። ለምን አይጠየቁም?»

«ሐዘን ላይ ነሽና አልቆጣሽም። እህቴን የማያውቃት ሰው አይሸከማትም።»

«የማያውቃት ማን ነው? ስምንት ወር ሙሉ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ከአልጋ ያነሳቻት ከእነሱ ወገን የሆነችው ተከራይዋ ናት። እኔ በወር አንዴ ብቅ የምል እንግዳ ነበርኩ። እርስዎስ መቼ ነው መጨረሻ ያዩዋት?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። እህቱ የጓዳውን ክፍል ለጡብ ሠራተኛ ሚስት ያከራየች ቀን «ወይ እነሱ፣ ወይ እኔ» ብሏት ወጥቷል። እሷም የእሱ እህት፣ እንደ እሱ እልኸኛ ናትና «በሩ ክፍት ነው» አለች እንጂ አልለመነችውም። በሩ ስምንት ወር ክፍት ሆኖ ከረመ፤ እሱ አልገባበትም።

«አገር ሲያረጅ ጃርት ያፈራል ይባላል» አለ አናጢው፣ መጋዙን አንስቶ። «ልጄ፣ እኔ ሰው ጠልቼ አይደለም። ዛሬ ትከሻ ይሰጣሉ፤ ነገ ሰሌዳው የእነሱ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ እኛ የሚባል ሰው እዚህ እንደነበረ የሚያስታውስ አይኖርም። መጥፋት ነው የፈራሁት።»

ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ሊሳቅበትም አይገባም። ልጅቱም አልሳቀችበትም።

«ፍርሃትዎን አልንቀውም። እኔም ያደግኩበት ሰፈር በሌላ ቋንቋ ሲጠራ ስሰማ ሆዴ ይባባል። ግን ያጠፉን እነሱ ናቸው? ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ልጆችዎም ሄደዋል። እነሱ ሲመጡ ቤቱ ባዶ ነበር። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያልተዘጋው በእነሱ ልጆች ነው። ወፍጮው የሚዞረው በእነሱ እህል ነው። ወግ የሚሞተው ሌላ ሰው ሲይዘው ሳይሆን ያዥ ሲያጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲሉ አልሰሙም?»

«እሱን ተረት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ያስተማሩኝን ነው የመለስኩልዎ።»

አናጢው መጋዙን መጎተት ጀመረ። ልጅቱ ሐዘንተኛው ወደተሰበሰበበት ቤት ልትሄድ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«አንድ ነገር ልንገርዎና ልሂድ። እናቴ በየቀኑ ወንበሯን ወደዚህ በሚያየው መስኮት አጠገብ ታስደርግ ነበር አሉ። መጋዙ ሲሰማት ‹ወንድሜ ደህና ውሏል› ትላለች። መጋዙ ዝም ያለ ቀን ደግሞ ተከራይዋን ‹ሂጂና ከሩቅ አይተሽልኝ ነይ› ብላ ትልካታለች።»

መጋዙ ቆመ። አናጢው ባልዲ ይዛ ከመንገዱ ማዶ የምትቆመውን ሴት አስታወሳት። ሦስት አራት ጊዜ አይቷታል። ምን ትሰልላለች ብሎ አንድ ቀን በሩን ፊቷ ላይ ዘግቶባታል።

ቢሆንም ሐሳቡን አልለወጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የአናጢው ሰሌዳም ከወረቀት አይሻልም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሣጥኑ አለቀ፤ አስከሬኑም በአራት ሽማግሌ ትከሻ ከቤት ወጣ።

እስከ ኮረብታው ግማሽ ደህና ሄዱ። ጠመዝማዛው ላይ ፖስተኛውን ጉልበቱ ከዳው። ባለወፍጮው ሚዛኑን ሊጠብቅ ሲል ሣጥኑ ወደ አንድ ጎን አዘነበለና ከታች በኩል ተንቋቋ። አናጢው ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ስስ እንጨት ሊሰነጠቅ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ክንዱን ከሣጥኑ ሥር አስገብቶ ደገፈው፤ ሣጥኑ ግን ወደ ታች ይጫነው ነበር። የታላቅ እህቱ ገላ፣ በልጅነቱ እሱን አዝላ ወንዝ ያሻገረችው ጀርባ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል።

የጡብ ሠራተኞቹ ልብሳቸው ላይ ቀይ አቧራ እንዳለ፣ ቆባቸውን አውልቀው መንገዱ ዳር ተሰልፈው ነበር። አንድ ሁለቱ እጃቸውን ዘርግተው አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ቦታቸው የት እንደሆነ አሥራ ሁለት ዓመት ተነግሯቸዋል። ዓይናቸው አናጢው ላይ ነው። ልጅቱም እሱን አየችው።

«እባካችሁ» አለ አናጢው፣ «እህቴን ያዙልኝ።»

ስምንት እጅ በአንድ ጊዜ ገባ። ሣጥኑ ቀና አለ፤ መሬትም አልነካም። ተራ እየተቀያየሩ እስከ ጫፍ ወሰዷት። አናጢው እጁን በዚያ በስስ እንጨት ላይ ጭኖ ከኋላ እያለቀሰ ተከተለ። ተከራይዋ ከጎኑ ትራመድ ነበር።

«በሩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች። «‹ደህና ነው፣ በሩን ሲዘጋው አየሁ› ብዬ ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች።»

ሰው በሕይወቱ ከዚህ የከበደ ቃል ብዙ ጊዜ አይሰማም።

በሦስተኛው ቀን አራቱ ሽማግሌዎች በሥራ ቤቱ ተሰበሰቡ፤ አናጢው የጡብ ሠራተኞቹን ስም ሰሌዳው ላይ ሊጨምር ፈልጎ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «የአባትህን ሰሌዳ ልታበላሸው ነው?» ብሎ ተቃወመ። አናጢው ወደ ሰሌዳው አመለከተ።

«አባቴ የጻፈው ሟች በመሬት እንዳይጎተት ነው። እኛ ሟቹን ትተን ሰሌዳውን ጠበቅን። አንተስ ቀኑ ሲደርስ ማን እንዲሸከምህ አስበሃል? ይህ ሳልህ ይሸከምሃል?»

ፀጉር አስተካካዩ ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳሉ ቀደመው። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ሃያ ሦስት አዲስ ስም ተጻፈ። አናጢው አንዱን ስም ሁለት ጊዜ አሳስቶ ጽፎ ባለቤቱ ራሱ አረመለት። የሞተ ብቻ አይደለም የተጠቀመ። ያንኑ ክረምት ባለወፍጮው ሲታመም ስድስት ትከሻ ሐኪም ቤት አደረሰው። ትምህርት ቤቱም የሁለቱን ወገን ልጆች አንድ ላይ ይዞ ቀጠለ፤ ልጆቹም ኮረብታው ላይ ያሉት መቃብሮች የማን እንደሆኑ ከሽማግሌዎቹ ይማራሉ። አናጢው የፈራው መረሳት የሚርቀው ለካ በዚህ መንገድ ነበር።

ሐዘኑ እንዳበቃ ልጅቱ ወደ ከተማ ከመመለሷ በፊት ልትሰናበተው የመጣች ዕለት አናጢው ከሥራ ቤቱ ጥግ ሸራ ገልጦ ጣውላ አሳያት። ሁለት ጣት ሙሉ ነው፤ የደረቀ፣ እንከን የሌለው።

«ይህን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ» አላት። «ይክበድ ግዴለም፤ ተሸካሚ አላጣም።»

ልጅቱ መዳፏን እንጨቱ ላይ አደረገች። አናጢው ሸራውን መልሶ ማልበስ ጀመረና ተወው።

«ለእናትሽ ነበር የሚገባው» አለ።