ክብሪቱና የአፍንጫው በር

እኔ መኪና ውስጥ የሚያወራ ሰው አልወድም። መምህር ስለሆንሁ ቀኑን ሙሉ ሳወራ እውላለሁና፣ ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በተሳፈርሁ ቁጥር ጋቢዬን ተከናንቤ መተኛት ነው ልማዴ። የዚያን ቀን ግን ዓይኔን ሳልከድን ደረስሁ።

ከፊቴ አቶ ሙላቴ የሚባሉ የፋርጣ ገበሬ ከልጅ ልጃቸው ከፍቅርአዲስ ጋር ተቀምጠዋል። ልጅቱ የሚጥል በሽታ ስላለባት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደዋት መመለሳቸው ነው። ይህን ሁሉ መኪናው ገና ሳይነሳ ለተሳፋሪው አውርተው ጨርሰዋል። ከአጠገባቸው መሰረት የምትባል፣ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት የምታስተምር ወጣት ነበረች።

ወረታን እንዳለፍን ልጅቱ መንፈራገጥ ጀመረች። ዓይኗ ተገለበጠ፤ መንጋጋዋ ገጠመ። አቶ ሙላቴ ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው ጫሩና ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጉ። ማንም አልተገረመም፤ በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ክብሪት ነው። መሰረት ግን እፍ ብላ አጠፋችው።

«አንቺ ልጅ! ልትገድያት ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ኋላ ይቆጡኛል» አለችና ልጅቱን በጎኗ አስተኛቻት። ነጠላዋን አጥፋ ከልጅቱ ራስ ሥር አደረገች፤ አንገቷ ላይ የጠበቀውን ሻሽ ፈታች። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ መንፈራገጡ ቀረና ፍቅርአዲስ ተንፍሳ ተኛች፤ መኪናውም ተነሳ።

አቶ ሙላቴ ግን አልበረዱም። «አባቶቻችን በጭስ ሲያነቁ የኖሩትን አንቺ ታጠፊዋለሽ? አይ የተማረ ሰው!»

«ታዲያ አሁን ያለ ጭስ አልለቀቃትም? ሕመሙ በራሱ ጊዜ ነው የሚለቃት። ክብሪቱ አጠገቡ ስለሚገኝ ምስጋናውን ይወስዳል» አለች መሰረት በትሕትና። «ለመሆኑ ክኒን አልታዘዘላትም?»

«ታዟል። እኔ ነኝ ያስተውኋት። ስትውጠው ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች መሳቂያ ሆነች። ክኒኑንም ትምህርቱንም አንድ ላይ አስተውኋት።»

«ማንቀላፋቱን ለሐኪሙ ቢነግሩት መጠኑን ያስተካክል ነበር። እኛም የምንደክመው በዚሁ ነገር ነው። ክኒን ሆድ ገብቶ፣ በደም ዞሮ፣ መላ አካላትን አዳርሶ ጥቂቱ ብቻ ነው አንጎል የሚደርሰው። አንጎል ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የማያስገባ በረኛ አለው። ከአፍንጫ ጣሪያ ግን ሽታ የሚለየው ነርቭ በቀጥታ ከአንጎል ይገናኛል። መድኃኒቱ በዚያ በኩል ቢላክ ጥቂቱ ሊበቃ ይችላል።»

አቶ ሙላቴ ጭናቸውን መቱ። «እኛስ በየት ገባን? በአፍንጫ አይደል!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሽማግሌው የረቱ መስሎኝ ነበር።

«በሩንስ አልሳታችሁትም አባቴ። የላካችሁት እንግዳ ነው የከፋው። ጭስ ያቃጥላል እንጂ መድኃኒት የለውም።»

«የእናንተው እንግዳስ ምንድን ነው?»

«መድኃኒቱን በስብ እንጠቀልለዋለን። ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ያነሰ፣ ዓይን የማያየው ጥቅልል ነው። ኮሰረት በውሃ ቢቀቀል ሽታው በኖ ይጠፋል፤ ቅቤ ውስጥ ሲነጠር ግን ይቆያል አይደል? ስቡም መድኃኒቱን እንዲሁ አቅፎ ይይዘዋል። የአፍንጫው እርጥበት ቶሎ እንዳያጥበው፣ በስሱም ገለፈት ሾልኮ እንዲያልፍ ያግዘዋል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ስጪኝ!»

«የለኝም። አልዋሽዎትም፤ በሌላ አገር ለዚህ ሕመም በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ወጥቷል። በስብ የተጠቀለለው ግን ገና በሙከራ ላይ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው ያለን ክኒኑ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አሉ አቶ ሙላቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። እኔ ግን መሰረትን በዚህ መልሷ ወደድኋት። የሌላትን አለኝ ብላ ብታባብላቸው ይቀላት ነበር።

በዚህ መካከል ፍቅርአዲስ ነቃች። አፍንጫዋን ዳበስ ዳበስ አደረገች። «አያቴ፣ ዛሬስ አላቃጠለኝም» አለች።

«ምኑ ልጄ?»

«ሕመሙ ነዋ። ሁልጊዜ ስነቃ አፍንጫዬንም ጉሮሮዬንም ያቃጥለኛል። ከንፈሬን ያቆሰለኝም እሱ ነው።»

ሽማግሌው በከንፈሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ፤ ከዚያም በእጃቸው ያለውን ክብሪት። እንባቸው መጣ።

«ሕመሙ አይደለም ልጄ። እኔ ነኝ ያቃጠልሁሽ።»

ደብረ ታቦር መናኸሪያ እንደወረድን አቶ ሙላቴ ወደ መሰረት ዞሩና፣ «ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው? አድርሽን» አሉ። ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ሄዱ።

የአባቶቻችንን ልማድ ሁሉ እንጣል አልልም። እነሱም አፍንጫ ወደ ራስ የሚያደርስ መንገድ መሆኑን ሳይማሩ ጠርጥረዋል። ነገር ግን በደግ ልብ የተጫረ ክብሪትም ያቃጥላል። የሚወድቅ ሰው በጎኑ ቢተኛ ትንፋሹ አይታፈንም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቢወስድ ከስንት አደጋ ይድናል፤ ልጅ ከሆነም ከጓደኞቹ እኩል ይማራል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደብረ ታቦር ገበያ መካከል አንድ ሰው ወደቀ። ሰው ሁሉ «ክብሪት! ክብሪት!» እያለ ሲራወጥ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«ተው! ክብሪት ለምድጃ ነው! በጎኑ አስተኙት!»

አቶ ሙላቴ ነበሩ። ሰውየው ደህና እስኪሆን ጠብቄ ስለ ፍቅርአዲስ ጠየቅኋቸው።

«ሐኪሙ ክኒኑን ለወጠላት። ማንቀላፋቱ ቀረ፤ ሕመሙም ከጣላት ሰነበተ። ትምህርቷን ጀምራለች» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ በስብ የተጠቀለለው እንግዳስ ደረሰ?» አሉ።

«ገና መንገድ ላይ ነው» አልኋቸው።

«ቀስ ብሎ ይምጣ» አሉ። «እኛም በሩን አናጨስበትም።»