መርከቧን እንደገና አፈነዷት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ የካርዲፍ ዝናብ ሳይበግራችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ኔሪስ፣ ኬኩን የጋገረው እጅሽ ይባረክ። ከሱቅ የተገዛ ቢሆን ኖሮ መሄዴ ያን ያህል እንዳላሳዘናችሁ ይገባኝ ነበር።

«ሰባተኛዋ ጨረቃ» እናቴ በልጅነቷ ያየችው፣ የእህቴ ልጆች ዛሬም የሚያዩት የጠፈር ድራማ ነው። እኔ ማየቱም መጻፉም አልበቃኝም። ዋና ጸሐፊ ሆኜ ልመራው ስመኝ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

የመሥሪያ ቤታችንን ልማድ ታውቃላችሁ። አዲስ ዋና ጸሐፊ ሲሾም በመጀመሪያው ክፍል ገጸ ባሕርያቱ የሚኖሩባትን መርከብ ያፈነዳታል። ለምን? አዲስ ዘመን መጀመሩ እንዲታወቅለት! ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰዎቹ መሄጃ ሲያጡ ሻዩን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣል።

«ማሬድ፣ የኔ እመቤት፣ እንዴት አድርገን እንመልሳት?»

እመልሳታለሁ። ሽልማቱን እሱ ይወስዳል።

ቦታው ክፍት በሆነ ቁጥር አመለከትኩ። መጀመሪያ «ገና ልጅ ነሽ» ተባልኩ። ቀጥሎ «አንቺ ከተሾምሽ ጥገናውን ማን ይሠራል?» ባለፈው መጋቢት የመጀመሪያውን ክፍል ጽፌ ቀረብኩ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግሪፊዝ፣ እዚያ ጥግ ኬክ የሚበሉት፣ ደጋግመው አገላበጡት።

«ምንም አይፈነዳም?»

«አይፈነዳም። ይጓዛሉ።»

«መጓዝ ብቻ?»

«የጠፈር መርከብ ናት እኮ፣ አቶ ግሪፊዝ!»

ቦታው ለአይቮር ተሰጠ። አይቮር ጥሩ ሰው ነው፤ ድራማውን ማየት የጀመረው ግን ከተሾመ በኋላ ነው። አትሳቁ፣ ራሱ ነው የነገረኝ።

ያናድዳል ወይ? እንዴት አያናድድ! ከልቤ ፈልጌው ነበር። አሁንም ብትሰጡኝ ኮቴን አውልቄ እቀመጣለሁ። ሁላችሁም ወደ ኬኩ ዞራችሁ። ይሁን።

ቅድም ኬኩ ሳይቆረስ አይቮር ሻይ ማፍያው ጋ ጠራኝ።

«ማሬድዬ፣ መርከቧን አፈነዳኋት።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንዴት ትመለሳለች?»

አይቮር፣ እዚያ ዝም ያልኩህ እዚህ ልመልስልህ ብዬ ነው። እንዴት እንደምትመለስ አውቃለሁ። መላዋ ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ መጣችልኝ፤ እስከዛሬ ካሰብኳቸው ሁሉ የምታምረው እሷ ናት። ይዣት እሄዳለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ጤናውን አብዝቶ ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ ሥራችሁን የሚያይ ዓይን አያሳጣችሁ። ከእናንተ መካከል ደግሞ አንድ ቀን ዋና ጸሐፊ የምትሆን ሴት ካለች፣ መርከቧ ሳትፈነዳ ትጠብቃት።