ይታገሱ ክር ሲያመጣ

(ጫማ ፋብሪካ፣ የስፌት ክፍል፣ ከመውጫ ደወል በኋላ። የጥራት ተቆጣጣሪዋና የካይዘን፣ ማለትም የብክነት ቅነሳ፣ ቡድን መሪዋ ምንታምር፣ ሠራተኛው ለክር እንዳይመላለስ ማሽን ልታዛውር መጥታለች፤ ጫማ ሰፊው ይታገሱ ማሽኑን ታቅፎ አልለቅም ብሏል። ወለሉ በጠመኔ ተሰምሯል።)

ይታገሱ፦ አላስነካም! ክሩ ካለበት ድረስ ሄጄ አመጣለሁ አልኩ፣ አመጣለሁ። እግሩም ድካሙም የኔ!

ምንታምር፦ ሰዓቱስ የማን ነው? ልቀቀው እንጂ፣ ሙሽራ አስመሰልከው እኮ።

ይታገሱ፦ ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎኛል።

ምንታምር፦ ምሳ ሰዓት በኳስ ላብ በላብ ስትሆን ሐኪሙ አላየህም መሰለኝ።

ይታገሱ፦ ካይዘን የሠራተኛን አስተያየት ያከብራል ያልሽን አንቺ ነሽ። አስተያየቴ ይሄው፤ ማሽኔ አይነቃነቅ!

ምንታምር፦ እሺ፣ ወለሉን እየው። ነጩ መስመር ሰሞኑን የተመላለስክበት ነው። ማሽንህ እዚህ፣ የክሩ መደርደሪያ እዚያ። መሀሉ ላይ ምን አለ?

ይታገሱ፦ ምንም።

ምንታምር፦ ታዲያ በመስኮቱ በኩል የምትዞረው ምን ፍለጋ ነው?

ይታገሱ፦ አየር።

ምንታምር፦ መስኮቱ አይከፈትም።

ይታገሱ፦ ብርሃን ማለቴ ነው።

ምንታምር፦ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የማን ነው?

ይታገሱ፦ የ... የጥራት ቁጥጥር።

ምንታምር፦ ጥራት ቁጥጥር ስም የላትም?

ይታገሱ፦ ኧረ ምንታምር፣ ልቤን አታውልቂው! አዎ፣ ያንቺ ነው። ክር ሞልቶኝ አለቀብኝ እላለሁ። ማሽኔን መደርደሪያው አጠገብ ካደረግሽው በምን ሰበብ ባንቺ በኩል ላልፍ ነው? ቀኑን ሙሉ ቆዳ ስሰፋ ልውል?

ምንታምር፦ የተቀጠርከው ለእሱ መስሎኝ።

ይታገሱ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። በይ ብክነት ነው በይና አጥፊው።

ምንታምር፦ ነው እንጂ። አላስፈላጊ እንቅስቃሴ። ተነስ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።

ይታገሱ፦ ያዝኩ። (ማሽኑን ትንሽ ይገፋሉ።) ወዴት ነው? ቆይ... የማሽኑን አዲስ ቦታ የሚያሳየውን ቢጫ ስኮች መስኮቱ ሥር ነው እንዴ የለጠፍሽው? ከጠረጴዛሽ ጎን?

ምንታምር፦ የክሩ መደርደሪያም እዚያው ይመጣል።

ይታገሱ፦ ለኔ ብለሽ? አለቃ ቢጠይቅሽ ምን ልትዪ ነው?

ምንታምር፦ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ እየው።

ይታገሱ፦ ቀይ መስመር! ይሄ ደግሞ የማን ነው? ከመስኮቱ ይነሳል፣ የኔ ማሽን ሥር ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ይሄ ሰው ሥራ የለውም?

ምንታምር፦ አላት፤ ጥራት ትቆጣጠራለች። አሁን ግፋ ይታገሱ፣ እኔም እግሬ አልቋል!