የኔታ ገብረ ሕይወትና የማይጠፋው ማሽን

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከሞጣ ወደ ቢቸና መጥቼ ከመናኸሪያው እንደወጣሁ ዝናብ ያዘኝና አንድ ደጅ ተጠለልሁ። «ግባ እንጂ፣ እንግዳ ደጅ ይቆማል?» አሉኝ የቤቱ ጌታ፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረ ሕይወት። ድምፃቸው ሰልሎ በጭንቅ ይሰማል። ሐኪም ጉሮሮዎን ያሳርፉ ብሏቸው ኖሮ ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ጉባኤ ሊበተኑ ተቃርበዋል።

ኮምፒውተር የተማረችው ልጃቸው አየሁሽ የቀድሞ ትምህርታቸውን ከካሴት ገልብጣ፣ ተማሪዎቹ በየስልካቸው እንዲሰሙት ከአሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር፣ ድምፁን አከማችቶ ለየስልኩ የሚያድል ማሽን፣ ሠርታለች። ሰርቨር ደግሞ ሁልጊዜ መብራት አለበት። የኔታ ግን እየነቀሉ አስቸገሯት።

አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው፣ «እንግዲያስ ዳኘን» አሉኝ። «ሰንበት የማያውቅ ሎሌ እቤቴ አስገባችብኝ። ሌት ተቀን እየጋለ አንድ ቀን ቤቱን ያነደዋል!»

«ስጋትዎ እውነት ነው አባባ» አለች አየሁሽ በትሕትና። «ዝም ብለው የተዉት ማሽን ይግላል። ለዚህ ነው ማሽኑ ሲነሣ የሚታዘዝበት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ያስተካከልሁት። ሲሞቅ ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ከልክ ካለፈ ራሱን ያጠፋል። የሚጠይቀው ሰው ከሌለም ዲስኩ መዞሩን አቁሞ ያርፋል።»

«መብራት ሲሄድስ? አንቺ ሥራ ስትውዪ እኔ ሽማግሌው ልቀሰቅሰው ነው?»

«መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ አድርጌዋለሁ። ስክሪንም ኪቦርድም አይፈልግ። ይሞክሩት።»

የኔታ ሶኬቱን ነቀሉት። ማሽኑ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይተው መልሰው ሰኩትና እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁ። ማንም ሳይነካው ማራገቢያው ዞረ፤ ማሽኑን የሚመራው ሊኑክስ የተባለው ሲስተምም ተነሣ። አየሁሽ ስልኳን ነካ ስታደርግ፣ ያ ጎርናና የጉብዝና ዘመን ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

የኔታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይኼ እኔ ነኝ? እኔስ የሄደ መስሎኝ አልቅሼለት ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱን አልነኩትም።

የኔታ እሳትን መፍራታቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ለሚያሰጋ መሣሪያ መድኃኒቱ ልክ ማበጀት እንጂ ነቅሎ መጣል አይደለም። በመስከረም ተመልሼ ስሄድ ከተማሪዎቹ አንድም አልጎደለም። በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ የኔታም የሳተውን ብቻ በአጭር ቃል ያቀናሉ። ጉሮሯቸው ማገገም ይዟል።

ስሰናበታቸው እጄን ያዙኝ።

«ሞጣ ስትገባ እዚያ ቅኔ ለሚያስተምረው ለመሪጌታ ይታገስ ንገርልኝ። እሱም ሳል ጀምሮታል አሉ። ድምፁ ሳይሄድ እንድትቀዳለት አየሁሽን እልክለታለሁ።»